ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር፣ ሳይፈላ

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

ቀኝ እግሬ ተቃጥሏል። ከጉልበት በላይ፣ ውስጡ በኩል። ስፋቱ የመዳፌ ያህል ነው።

ከገበያው መውጫ ላይ ነው የሆነው። የሚነዳ ከብት፣ ጭነት መኪና፣ ባጃጅ... መንገዱ ተዘጋ። ቆምኩ። ሞተሩን ማጥፋት ነበረብኝ፤ አላጠፋሁም። ሰው ከቦ ያያል። አጥፍቼ ብገፋው «ይኸው፣ አቃታት» ሊሉ ነው። ፋኑ ተነሣ። ከራዲያተሩ የሚወጣው ትኩስ አየር በሙሉ ወደ እግሬ። ሱሪዬ ከቆዳዬ ጋር ተጣበቀ። ያኔም አልወረድኩም። መንገዱ ሲከፈት ነዳሁ፤ የጮኽኩት ቤት ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ፦ «ምን ነካዎት? ዘይት ነው?»

«ሞተር ሳይክል ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ሽበቴን፣ ከዚያ ሄልሜቴን። ፋሻውን አነሣች።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ገሰሰ ግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እኔም ሞተር ሳይክሉም የምናድረው በእሳቸው ግቢ ነው፤ ሞተር ሳይክሉ ከፈረሳቸው ከዳማው ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ፋሻውን አዩ።

«ሽጭው።»

«አልሸጠውም ጋሼ።»

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ሱሪ አልገባ አለኝ። ቀሚስ ለብሼ በባጃጅ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። የዛሬው ትምህርት የዜና አጻጻፍ ነበር። አዲሱን ነገር አስቀድሙ፣ አስተያየት አትጨምሩ አልኳቸው ተማሪዎቼን። ከኋላ ሹክሹክታ ሰማሁ፦ «ቲቸር ሞተሯን ሸጠች እንዴ?»

አልሸጠችም።

መጋቢት 11፣ ረቡዕ

አለሙ ጋራዥ። የከተማውን ሞተር ሳይክል ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ የእሽቅድምድም ዓይነት ከኔው በቀር ጋራዡ ገብቶ አያውቅም። መፍትሔው ዝግጁ ነበር።

«ቴርሞስታቱን ነቅለን እንጣለው ቲቸር። ውኃው እንደ ልቡ ይዙራል፤ ሙቀት የሚባል ነገር ይረሳሉ።»

«ጠዋት ጠዋት እዚህ ውርጭ ነው አለሙ። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ መቼ ይሞቃል? ቀዝቃዛ ሞተርም ይበላሻል።»

«ሁሉም ያስነቅላል።»

«እኔ አላስነቅልም።»

ሳቀ። «እርስዎን ያገባ ሰው...»

«አልተገኘም። አሁን ፕላስቲኩን ፍታው።»

የጎኑን የፕላስቲክ ሽፋን ፈታነው። የጭስ መውጫው ቱቦ፣ ማርሚታው፣ ከሞተሩ ተነሥቶ ወደ ኋላ በሚታጠፍበት ቦታ፣ በትክክል ከእግሬ ትይዩ፣ ሁለት ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። እዚያ የነበረ ነገር ተነሥቷል። ይህን ሞተር ሳይክል የሸጠልኝ አስተማሪ ወደ አገሩ ከተዛወረ ቆይቷል። ስልክ ደወልኩለት።

«አዎ፣ አንድ ቆርቆሮ ነበር። ሲንኳኳ ጊዜ ጣልኩት። ለምን ጠየቅሽኝ?»

ለምን ጠየቅኩት... ፋሻዬን ዳሰስኩ።

ስለዚህ ጥፋቱ የሞተር ሳይክሉ አይደለም፤ የኔም አይደለም። የሙቀት መከለያው የለም። የሌለ ነገር ይሠራል።

መጋቢት 15፣ እሑድ

ዛሬ መጻጉዕ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ጠሩኝ። እትዬ ማሬም ነበሩ። የአባታችን እህት ናቸው፤ ሁለታችንንም ያሳደጉን እሳቸው ናቸው።

ጋሼ ባሕር ዳር ካለ ደረጄ ከሚባል ሰው ጋር ተነጋግረዋል። ይገዛል። ሳይጠይቁኝ!

«የኔ ነው ጋሼ። አንቱ የማይሸጡትን ፈረስ እኔ ልሽጥልዎት ብል ምን ይሉኛል?»

«ፈረስ ጌታውን አያቃጥልም።»

«ይረግጣል። ባለፈው ጥምቀት ጉግስ ላይ የጎድን አጥንትዎን የሰበረው ማን ነበር?»

እትዬ ማሬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ሳቅ ነበር።

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። ጋሼ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረታ ወርደው ሩዝ ጭነው ይመለሳሉ። በመጪው ቅዳሜ፣ በቀትር፣ ከተጫነው አይሱዙ ኋላ የደብረ ታቦርን ዳገት እወጣለሁ። መቅደም የለም፤ በጭነት መኪና ፍጥነት እያዘገምኩ። ሞተር ሳይክል የሚፈተነው እንዲህ ነው፤ ሲሮጥ ንፋስ ያበርደዋል፣ ሲያዘግም ይጨሳል። ካቃጠለኝ ወይም ከፈላ ቁልፉን አስረክባለሁ። ካልሆነ ይህ ጉዳይ ዳግመኛ አይነሣም።

ቃል ሰጠሁ። በእትዬ ማሬ ፊት።

ሃያ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ በጋዜጣ ሥራ ኖሬያለሁ። ለዘገባ ስንወጣ ከመኪናው የኋላ ወንበር፣ መካከል ላይ፣ ጉልበቴን አጥፌ። ወዴት እንደምንዞር የሚወስነው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር። አሁን መሪው በእጄ ነው። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ቢነገራቸውስ?

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

ከአለሙ ጋር የአሉሚኒየም ላሜራ ቆረጥን። እሱ ከማርሚታው ጋር አጣብቆ ሊያስረው ፈለገ። አይሆንም፤ ከተጣበቀማ ራሱ ላሜራው ማርሚታ ይሆናል። መካከሉ ላይ አየር ማለፍ አለበት። በየብሎኑ ስር ሦስት ሦስት የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ ደረደርን፤ እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ተገኘ።

ከላሜራው ወደ እግሬ በኩል ደግሞ ሱፍ ፈለግሁ። ዳማው ከኮርቻው ስር የሚነጠፍለት የሱፍ ድልዳል አለው፤ አሮጌው ድልዳል ጋጣ ውስጥ ተጥሏል። ጋሼን ለመንኳቸው።

«ለፈረስ የተሠራ ለብረት?» ጥለውኝ ሄዱ።

ማታ እትዬ ማሬ ድልዳሉን በነጠላቸው ስር ደብቀው አመጡልኝ። «እንዳይሰማ» አሉኝ። የሚሰማው ማን ነው? ግቢው ውስጥ ያለነው ሦስት ሰው ነን።

መጋቢት 20፣ ዓርብ

ጠዋት ሁሉም አለቀ። የራዲያተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ፣ ኩላንቱን፣ ሞላሁ፣ ክዳኑን በእጄ ዘጋሁ። የጎኑን ፕላስቲክ ነገ ጠዋት እገጥመዋለሁ። ቁስሉ ደርቋል፤ ያሳክካል።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ፈላ።

ከዓለም ሳጋ ደን በታች፣ መታጠፊያው ላይ። መጀመሪያ የሚጣፍጥ ሽታ መጣ። ከዚያ ነጭ እንፋሎት ከፕላስቲኩ ስር ወጥቶ ሄልሜቴን ሸፈነው። አጠፋሁና ዳር ያዝኩ።

እግሬ አልተቃጠለም። ላሜራው ሠርቷል፤ ሱፉ ለብ ብሎ ብቻ ነው የቆየው። ይህን የጠየቀኝ የለም።

አይሱዙው ቆመ። ጋሼ ከጋቢናው አልወረዱም። ተሸካሚዎቹ ሞተር ሳይክሉን አንሥተው ከሩዙ ጆንያ ላይ አጋደሙት። አንደኛው፦ «እትዬ፣ ይችን ፈረስ ሳር ነሥተዋታል መሰለኝ!» ሌላኛው፦ «ተዋት፣ ጾም ይዛ ነው!» ሳቁ። እኔም ጆንያው ላይ ወጣሁ፣ ከጎኑ። ጋቢና ግቢ ተብዬ ነበር። አልገባሁም። ከተማው ሲያየን አብረን ይየን።

ግቢ ስንደርስ ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን ሰጠሁ። ደረጄ በሚመጣው ቅዳሜ ይወስደዋል።

መጋቢት 22፣ እሑድ

ዛሬ የደብረ ዘይት በዓል ነው። ምንም አልጻፍኩም ብዬ ልጽፍ ነበር።

መጋቢት 24፣ ማክሰኞ

አንድ ነገር አልገጠመልኝም። በእንፋሎቱ መካከል የሙቀት ሰሌዳው ላይ ያነበብኩት ቁጥር ዘጠና አራት ነው። ፋኑ የሚነሣው ከመቶ በላይ ነው። ፋኑ ገና ሳይነሣ እንዴት ይፈላል? አለሙ «ቴርሞስታቱ ነው ብዬ ነበር» አለ። ሌላ ነገር አይልም።

ማታ እትዬ ማሬ ባቄላ ንፍሮ ጥደው እሳቱን ይቆጣሉ። «ወረታ ዘመዳችን መሠረት ቤት አንድ ጊዜ ገንፈል ሲል ይበስላል። እዚህ ግን ይፍለቀለቃል እንጂ አይበስል። እንጨት ጨርሶብኝ!»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ ቶሎ ይፈላል። ሙቀቱ ዘጠና ትንሽ አለፍ ሲል መፍላት ይጀምራል፤ ባቄላው የማይበስለው ለዚህ ነው። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውኃ ግን ዘጠና አራት ላይ መፍላት የለበትም። ለምን? ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው። የታፈነ ውኃ መቶንም አልፎ አይፈላም። ታዲያ አልታፈነም ማለት ነው...

የእጅ ባትሪ ይዤ ወደ ጋጣው ሄድኩ። ፕላስቲኩን ፈታሁ። የራዲያተሩ ክዳን ሁለት ማረፊያ አለው፤ የመጀመሪያው ላይ ገርበብ ይላል፣ ተጭነው ሲያዞሩት ሁለተኛው ላይ ይታተማል። የኔው ክዳን የመጀመሪያው ላይ ቆሟል። በሁለት ጣት ዞረ።

ዓርብ ጠዋት በእጄ አትሜዋለሁ። አለሙ ከዚያ ወዲህ አልነካውም። ቅዳሜ ጠዋት ፕላስቲኩን ስገጥም ክዳኑን አላየሁትም፤ ዘግቼዋለሁ ብዬ። ታዲያ ዓርብ ማታ ማን...

ከኋላ ጎማው ጀርባ ባዶ ሃይላንድ ወድቋል። አንገቱ ላይ ቀይ ክር። በዚህ ግቢ ቀይ ክር የሚታሰርበት ሃይላንድ አንድ ብቻ ነው፤ የእትዬ ማሬ የጠበል ሃይላንድ።

ቁጭ አልኩ። ዳማው በግድግዳው ማዶ ይተነፍሳል።

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

ሌሊቱን አሰብኩ። ለጋሼ ብነግራቸው ነገሩ በአንድ ቃል ያልቃል። ግን እትዬ ማሬ... ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጋሼ ሲቆጡ ድምፃቸው ጎረቤት ይደርሳል። አልነግራቸውም።

ጠዋት ወደ ሳሎኑ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይመልሱልኝ።»

«ቃልሽስ?»

«አፈረስኩት።»

እንዲህ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ምክንያት?»

«የፈላበትን አውቄዋለሁ። የሞተር ሳይክሉ ጥፋት አይደለም። የማን እንደሆነ ግን አልናገርም። ዳግመኛ ልውጣ። ያው መንገድ፣ ያው አይሱዙ።»

«የማን እንደሆነ አትናገሪም? እዚህ ጋዜጣ ቤት መሰለሽ?»

«ጋዜጣ ቤትም ቢሆን አልናገርም።»

ተነሡ። ጠረጴዛውን መቱ። ቃሉን የበላ ሰው በቤቴ፣ በአባቴ ግቢ... ድምፃቸው ጎረቤት ደረሰ። ቆሜ ሰማሁ። ወደ በሩም አላየሁም፤ እትዬ ማሬ በሩ ላይ መቆማቸውን ግን አውቄያለሁ።

«ተዋት አንተ» አሉ እትዬ ማሬ። «የነካሁት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ወደ በሩ ዞሩ።

«እሷን ልርጭ ብላት እሽ አትል። የሚያቃጥላት እሱ ነው ብዬ እሱን አጠጣሁት። በስመ አብ ብዬ፣ ሦስት ጊዜ። አፉን መልሼ ገጥሜለታለሁ።»

«ጠበል? ለሞተር?»

«አንተስ ፈረስህ ሆዱ ተነፍቶ ሲንከባለል ጠበል ያጠጣሁት ማን ነበር? ያን ጊዜ እጄን ሳምክ!»

ጋሼ ወንበሩን ሳቡ። ተቀመጡ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ጠበሉ ምንም አላደረገም። ክዳኑ ትንሽ ተጭነው ካላዞሩት አይታተምም፤ እሱ ነው።»

«ታዲያ ይህን ማን ነገረኝ?» ተቆጡ። እውነታቸውን ነው።

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረው፦ «ቅዳሜ። ደረጄም ወረታ ድረስ ይምጣ። ከፈላ ከዚያው ከመንገዱ ይውሰደው።»

«ይምጣ» አልኩ።

መጋቢት 27፣ ዓርብ

አለሙ አሮጌውን ውኃ አወጣ፣ ኩላንት ሞላ። የባቄላውን ነገር አስረዳሁት። ክዳኑን በሁለት እጁ ተጭኖ አተመው። ከዚያ፦ «ቴርሞስታቱን ግን ለጥንቃቄ ያህል...»

«አለሙ!»

«እሽ፣ እሽ። ቀልዴን ነው።»

ቀልዱን አልነበረም።

እትዬ ማሬ ሊረጩ መጡ። ተስማማን፤ ከላይ ብቻ። ረጩት። እግሬንም ረጩኝ። እሽ አልኩ።

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

አልፈላም።

ወረታ በቀትር ምድጃ ነበር። ደረጄ ቀድሞ ደርሷል፤ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው። ሞተር ሳይክሉን ዞሮ ዞሮ አየው። «እህቴ፣ ይህ ለሴት ይከብዳል» አለኝ። «ለተሸካሚም ከብዷል፤ አራት ሆነው ነው ያነሡት» አልኩት። ጋሼና እሱ ጋቢና ገቡ። እኔ ከኋላ።

ሾፌሩ ዛሬ ከባለፈውም አዘገመ። ማን እንዳዘዘው አውቃለሁ። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ። የአይሱዙው ጥቁር ጭስ ሄልሜቴ ውስጥ ገባ። ቁጥሩ ዘጠና አራት ደረሰ። አለፈ። ዘጠና ስምንት። መቶ። ፋኑ ተነሣ፤ ቁጥሩ ወረደ። ዳገቱ ሲበረታ እንደገና ወጣ። መቶ አራት። ፋኑ አላቆመም። እንፋሎት የለም። በእግሬ ላይ የሚመጣው አየር የከሰዓት ፀሐይ ያህል ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

ያው መታጠፊያ ላይ፣ ከዓለም ሳጋ በታች፣ አይሱዙው ቆመ። ብልሽት የለበትም። ጋሼ ወረዱ።

«አታጥፊው።»

አላጠፋሁም። እንደዚያ ቀን ገበያው ላይ፣ ቆሞ እየሠራ፣ ንፋስ የለም። ፋኑ ይጮኻል። ጋሼ በቀኝ በኩል መጡ። ኮታቸውን ሰብሰብ አደረጉና መዳፋቸውን ዘረጉ፤ የዳማውን አንገት እንደሚዳስሱት አድርገው ከጉልበቴ አጠገብ ያለውን ሱፍ ያዙ። የሱፉን ጠርዝ ገለጥ አድርገው አዩ። የገዛ ድልዳላቸው መሆኑን አወቁት፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። እጃቸውን አላነሡም። ረጅም ጊዜ ቆዩ።

«ሞቃለች» አሉ። «አታቃጥልም።»

ተመልሰው ጋቢና ገቡ።

ደብረ ታቦር ስንገባ ደረጄ ወርዶ መጣ። «እንዲህ ከሆነማ ዋጋ እጨምራለሁ» አለ። አፌን ሳልከፍት ጋሼ፦ «አትሸጥም አለችህ እኮ። አማርኛ አትሰማም?»

እኔ ዛሬ አንድም ጊዜ እንዲህ አላልኩትም። አላረምኳቸውም።

መጋቢት 30፣ ሰኞ

ሱሪ ለብሼ፣ በሞተር ሳይክሌ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ጠባሳው ይኖራል አለች ነርሷ። ይኑር።

ቁልፉን ለቅዳሜው መንገድ ብቻ ተቀብዬ ማታውኑ ለጋሼ መልሼ ነበር። ማንም በእጄ አልመለሰልኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ጠዋት በበሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት።

ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ

ጋሼ ዳማውን ሲያጥቡ አጠገባቸው ቆምኩ። ይፋግ ያሉት ዘመዶቻችን ለዳግማ ትንሣኤ ጠርተውናል።

«ጋሼ፣ ይፋግ ከኋላዬ ተቀምጠው ይሄዳሉ?»

ብሩሹ ቆመ።

«እኔ? ከኋላ?»

«ከኋላ። መሪው የኔ ነው።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ለኔም ያሉትን ይላሉ። ይለመዳል።»

ዳማውን ማጠብ ቀጠሉ። አንገቱን፣ ጀርባውን፣ እንደገና አንገቱን። ያበቃ መስሎኝ ስዞር፦

«እርካብ አለው?»

«በግራም በቀኝም አለው።»

«ማርሚታው በኋላው ወንበር ስር ነው የሚያልፈው። እዚያስ አያቃጥልም?»

ይህን መቼ አዩት? ሌሊት ባትሪ ይዤ ጋጣው ውስጥ የገባሁት እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።

«ያቃጥላል» አልኩ። «መከለያ የለውም።»

«እንግዲያስ አስቢበት» አሉ። «እኔም አስብበታለሁ። ሆሣዕና ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እነግርሻለሁ።»

ከሰዓት አለሙ ጋ ሄድኩ። ሁለተኛ ላሜራ ቆረጥን፣ ከኋላው ወንበር ስር የሚገባ፤ ክፍተት ተትቶለት፣ በሦስት ሦስት ሮንዴላ። «ለማን ነው?» አለ አለሙ። ገና አልታወቀም አልኩት።

የጋሼ ገሰሰ መልስ እሑድ፣ ሚያዝያ 13፣ ይጠበቃል።